የዎልቨሪን ጥፍር፣ የካፒቴን ጋሻ፣ የቶር መዶሻ፦ «የማይሰበሩት» ብረቶች ሲመዘኑ

ጎንደር ውስጥ ትርጉም ፊልም የሚያዩ ወጣቶች ባሉበት ሁሉ ይህ ክርክር አለ። አራዳ ገበያ ዙሪያ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭኑ ሱቆች በር ላይ ይነሳል። ፒያሳ ጀበና ቡና ተቀድቶ ይነሳል። ጠንካራው አዳማንቲየም ነው ወይስ ቫይብራኒየም? የቶር መዶሻስ? አዳማንቲየም የዎልቨሪን ጥፍርና አጥንት የተለበጠበት፣ ቫይብራኒየም ደግሞ የካፒቴን አሜሪካ ጋሻ የተሠራበት፣ ማርቭል የተባለው የኮሚክ አሳታሚ የፈጠራቸው ልብ ወለድ ብረቶች ናቸው። አንዱ «ጥፍሩ ያልቆረጠው ነገር የለም» ይላል። ሌላው «ጋሻውን ግን ንክች አያደርገውም» ብሎ ይመልሳል። ድምፅ ከፍ ይላል፣ ቡናው ይበርዳል፣ ማንም ማንንም ሳያሳምን ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህን ክርክር እወደዋለሁ። በጨዋታ መልክ ቢመጣም ውስጡ ያለው ጥያቄ የምሕንድስና ትልቁ ጥያቄ ነው። ብረት ለምን ይሰበራል? ለምንስ አይሰበርም? ክርክሩ መቋጫ ያጣው ሁሉም ተከራካሪ በልቡ የያዘው ጥንካሬ የተለያየ ስለሆነ ነው። አንዱ ስለ መቁረጥ ያስባል፣ አንዱ ስለ መመከት፣ አንዱ ስለ መምታት። እነዚህ ሦስቱ አንድ ብረት ውስጥ በቀላሉ አብረው አይገኙም። እንዲያውም አንዱ ሲጨምር ሌላው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ይህን ለማየት ኮሚክ መጽሐፍ አያስፈልግም። ብረት ሠሪ ቤት መግባት ይበቃል። ከአሮጌ መኪና የወጣ ባሌስትራ ይቆረጥና ከሰል ውስጥ ይገባል። ወናፉ ይነፋል። ብረቱ ቀልቶ ወደ ብርቱካንማ ሲሄድ በጉጠት ይወጣና መስፍ ላይ ይቀጠቀጣል። ቢላ መልክ ሲይዝ እንደገና ይግላል። ከዚያ ውሃ ወይም የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ጭስ ብሎ ይወጣል። አሁን ሞረድ ብታሳርፉበት ሞረዱ ይንሸራተታል እንጂ አይበላውም። ብረቱ በጣም ጠጥሯል። ታዲያ ባለሙያው ያን ቢላ እንዲሁ አይሸጠውም። ምክንያቱም ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ለሁለት ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ እንደገና እሳት ዳር ያስጠጋዋል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። የብረቱ ፊት መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይይዛል። ቆየት ሲል ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ገለባው ቀለም ሲመጣ ሙቀቱ 220 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሰማያዊው ሲመጣ ወደ 300 ይጠጋል። ባለሙያው ቴርሞሜትር የለውም፣ ዓይኑ ይበቃዋል። የሚፈልገው ቀለም ላይ ሲደርስ ያቆማል። ቢላው ከጥጥረቱ ትንሽ ሰጥቶ በምትኩ አለመሰበርን ያገኛል።

በዚህ ሙያ የኖሩ ሰዎችን አገራችን ለዘመናት አንቋሽሻለች። በጎንደር ዙሪያ ማረሻውን የሠሩ፣ ሸክላውን የሠሩ ሰዎች «ቡዳ» እየተባሉ ነው የኖሩት። እነሱ ግን በዓይናቸው ብቻ የሚለኩትን ነገር ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በላቦራቶሪ ያስተምረዋል።

እንግዲህ ለአንድ ብረት የምንጠይቀው እነዚህን ነው። ሌላ ነገር ይጭረዋል ወይ? ኃይል ሲያርፍበት ይታጠፋል ወይ? አንዴ ስንጥቅ ከጀመረው ስንጥቁ ይሮጣል ወይ? ሲመታስ የምቱን ጉልበት ወዴት ይልከዋል? አልማዝ የመጀመሪያውን ፈተና በአንደኝነት ያልፋል። ማዕድናት በመጫጫር በሚለኩበት የሞህስ መለኪያ 10 ያገኛል፣ ከዚያ በላይ የለም። ሦስተኛው ፈተና ላይ ግን ይወድቃል። በመዶሻ ብትመቱት ይፈረካከሳል። ተራ የግንባታ ፌሮ ግን በመዶሻ ተመትቶ ይታጠፋል እንጂ አይፈረካከስም።

ስለ ግንባታ ከተነሳ የራሳችንን ፋሲል ግቢን ማንሳት አለብኝ። ግንቡ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ ነው የተሠራው። ኖራ ከሲሚንቶ በጣም ይለሰልሳል። በኋላ ዘመን በተደረገ ጥገና ሲሚንቶ ገብቶ ነበር፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ግን እሱን እያነሱ ወደ ኖራው ተመለሱ። ለስላሳው ኖራ ግንቡ ሲሞቅና ሲበርድ አብሮ ይላወሳል፣ እርጥበትም ያስወጣል። ሲሚንቶ ግትር ነው፣ ችግሩን ወደ ድንጋዩ ይገፋዋል።

አሁን ወደ ጀግኖቹ እንሂድ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አዳማንቲየም በማርቭል ኮሚክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1969 ነው። ብዙ ሰው ከዎልቨሪን ጋር የተወለደ ይመስለዋል፣ ግን መጀመሪያ የለበሰው አልትሮን የተባለው ክፉ ሮቦት ነው። ዎልቨሪን የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ከግዙፉ አረንጓዴ ጀግና ከሀልክ ጋር ሊፋለም ነው።

የዚህ ብረት አሠራር በኮሚኮቹ ውስጥ ተዘርዝሯል፣ በጣም የሚገርመውም እዚያ ነው። የተለያዩ ኬሚካሎች ይቀላቀላሉ። ድብልቁ 815 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ከተቀላቀለ በኋላ ቅርጽ ለመስጠት ያለው ጊዜ 8 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ ይጠጥራል። ከጠጠረ በኋላ እሳት አያቀልጠውም፣ መዶሻ አይቀርጸውም። የሞለኪውሎቹን አደራደር የሚለውጥ ልዩ መሣሪያ ካልመጣ በቀር እንደያዘው ቅርጽ ይኖራል።

ልብ በሉ፣ ይህ የብረት ጠባይ አይደለም። እውነተኛ ብረት ያሞቁታል፣ ይቀጠቅጡታል፣ ያቀዘቅዙታል፣ ካስፈለገ እንደገና ያሞቁታል። ያ ባሌስትራ ትናንት መኪና ተሸክሞ ነበር፣ ዛሬ ቢላ ነው፣ ነገ ማረሻ ሊሆን ይችላል። አንዴ ተቀላቅሎ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ጠጥሮ፣ ሁለተኛ የማይቀልጠው ከሁለት ቱቦ ተጨምቆ የሚቀላቀለው ኤፖክሲ ማጣበቂያ ነው። የድስት እጀታ የሚሠራበት ባክላይትም እንደዚያ ነው። በእነዚህ ውስጥ ሞለኪውሎቹ አንዱ ከአንዱ ጋር ተቆላልፈው አንድ ትልቅ መረብ ይሆናሉ። መረቡ ከተሠራ በኋላ ሙቀት አይፈታውም፣ ቢበዛ ያቃጥለዋል። ስለዚህ አዳማንቲየምን የብረት መልክ ያለው፣ በጠባዩ ግን እንደ ማጣበቂያ የሚቆለፍ ነገር አድርጌ ነው የማየው። የኮሚኩ ጸሐፊዎች ይህን አስበውበት ይሁን አይሁን፣ ነገሩ ያስኬዳል። ማንም የማይቆርጠውን ብረት እንዴት ቆርጠው ቅርጽ ሰጡት ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። አልቆረጡትም፣ ሳይጠጥር ቀድመው ቀረጹት።

ለምንድን ነው ተራ ብረት የሚታጠፈው? ውስጡ አተሞች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። ረድፎቹ ግን ፍጹም አይደሉም። መሀል መሀል ላይ የተዛነፈ ረድፍ አለ። ብረቱ ላይ ኃይል ሲያርፍ ያ የተዛነፈው ቦታ እየተንሸራተተ ይሄዳል፣ ብረቱም ይታጠፋል። ሌላ ንጥረ ነገር ስትቀላቅሉበት እንግዳዎቹ አተሞች መንገድ ላይ ይደነቀራሉ፣ መንሸራተቱም ይከብዳል። ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ካርቦን ልፍስፍሱን ብረት መኪና ተሸካሚ ባሌስትራ የሚያደርገው በዚህ ነው። ግን መንሸራተቱን ጨርሳችሁ ብትከለክሉት ብረቱ መታጠፍ አይችልም። መታጠፍ ያልቻለ ደግሞ ይሰነጠቃል። ሳይንሸራተትም ሳይሰነጠቅም የሚኖረው በኮሚክ ውስጥ ያለው አዳማንቲየም ብቻ ነው።

ሁሉም አዳማንቲየም አንድ እንዳልሆነ ግን አትርሱ። ሁለተኛ ደረጃ የሚባል አለ፣ ርካሽ ነው፣ ጥንካሬውም ያንሳል። ካርቦናዲየም የሚባል ደግሞ አለ፣ ሶቪየቶች አዳማንቲየምን ለመኮረጅ ሞክረው ያወጡት ነው። እሱ ይለመጣል፣ ጨረርም ያመነጫል። በ1992 የመጣው የዎልቨሪን ጠላት ኦሜጋ ሬድ ከእጁ የሚወረውረው እንደ ሽቦ የሚጠመጠም ነገር ከሱ የተሠራ ነው። በፊልሞቹ ውስጥ ያለውም ከኮሚኩ ይለያል። በ2013ቱ የዎልቨሪን ፊልም በግለት የቀላ የአዳማንቲየም ሰይፍ ጥፍሮቹን ሲቆርጣቸው አይተናል። በኮሚኩ ሕግ ይህ መሆን አልነበረበትም። ስለዚህ ክርክር ከመጀመራችሁ በፊት ስለ የትኛው እንደምታወሩ ተስማሙ። ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው ያልቃል።

የዎልቨሪን ነገር ለብቻው መታየት አለበት። በማርቭል መግለጫ መሠረት ያለ ብረቱ 88 ኪሎ፣ ከነብረቱ 136 ኪሎ ይመዝናል። ልዩነቱ 48 ኪሎ ነው፣ ግማሽ ኩንታል የሚጠጋ። ቁመቱ ደግሞ 160 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ይህን ተሸክሞ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይፋለማል።

አሁን ይህ ሰው ከፋሲል ግንብ ማማ ላይ ወደቀ እንበል። ከፍታውን 30 ሜትር አድርገን እንውሰድ። መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ክብደቱ ይህን አይለውጠውም፣ የፊዚክስ መምህሮቻችን እንደነገሩን ከባድም ቀላልም በአንድ ፍጥነት ይወድቃል። ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ አንድም አጥንቱ አይሰበርም። የራስ ቅሉም ደህና ነው። ግን አንጎሉ ከብረት አይደለም። የራስ ቅሉ በቅጽበት ሲቆም አንጎሉ መሄዱን ይቀጥልና ከውስጥ ቅሉን ይመታል። ልቡም፣ ጉበቱም፣ ደም ሥሮቹም እንደዚያው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስቡት ነገር አለ። የእኛ አጥንት ሲሰበር ጉልበት ይበላል። ስብራት ያማል፣ ግን የምቱን የተወሰነ ክፍል እሱ ወስዶታል። የዘመኑ መኪኖች የፊት አካላቸው ሆን ተብሎ እንዲጨማደድ የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። መኪናው ይጨማደዳል፣ ተሳፋሪው ይተርፋል። የማይሰበር አጥንት ምንም አይበላም፣ ሁሉንም ወደ ውስጥ ለሥጋው ያስተላልፋል። ስለዚህ ዎልቨሪንን በሕይወት የሚያቆየው አዳማንቲየሙ አይደለም። ቁስሉን በቶሎ የሚያድነው ተፈጥሮው ነው። ያ ተፈጥሮ ሲዳከም ምን እንደሚሆን በ2017ቱ «ሎጋን» ፊልም አይተነዋል፣ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ብረት ራሱ እየመረዘው ነበር።

ጠላቶቹም ይህን ቶሎ ገብቷቸዋል። በ1993 ማግኔቶ ብረቱን ለመስበር አልደከመም። በመግነጢስ ኃይሉ ፈሳሽ አድርጎ በቆዳው በኩል ጎትቶ አወጣው። በ2005 መጨረሻ ላይ በጀመረ ሌላ ተከታታይ ኮሚክ ደግሞ ሀልክ ዎልቨሪንን ወገቡ ላይ ለሁለት ቀደደው። አጥንቱ አልተሰበረም። አጥንት ከአጥንት ጋር የሚያያዘው ግን በጅማት ነው፣ ጅማቱ ደግሞ ሥጋ ነው። ለኔ ከሁሉም የኮሚክ ውጊያዎች ለምሕንድስና ቅርብ የሆነው ይህ ነው። የብየዳ ሠራተኛ ጠይቁ። በር ሲሰበር ብረቱ ሳይሆን ብየዳው ወይም ማጠፊያው ነው የሚለቀው ይላችኋል።

ቫይብራኒየም ሌላ ፍጥረት ነው። የዋካንዳው፣ ማለትም በኮሚኩ ያለችው ልብ ወለድ አፍሪካዊት አገር ዓይነት የመጣው በ1966 ነው፣ ከንጉሧ ከብላክ ፓንተር ጋር። ሁለቱንም የፈጠሩት ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢ ናቸው። ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ ወደ አፍሪካ እንደመጣ ይተረካል። ይህ ክፍሉ ከእውነት ያን ያህል የራቀ አይደለም። ሰው ብረት ማቅለጥ ከማወቁ በፊት የተጠቀመው ከሰማይ የወደቀ ብረት ነበር። የግብፁ ንጉሥ ቱታንካሙን ጩቤ ከእንዲህ ዓይነት ብረት እንደተሠራ በ2016 በወጣ ጥናት ተረጋግጧል። ውስጡ ብዙ ኒኬል አለ፣ ያ ነው ምልክቱ። ቅኝ ያልተገዛች፣ የራሷን ሀብት የጠበቀች አፍሪካዊት አገር ታሪክ እዚህ እኛ ጋ የተለየ ስሜት ማሳደሩም አይገርምም።

የቫይብራኒየም ዋና ሥራው መቁረጥ አይደለም። ንዝረትን መዋጥ ነው። ጥይት ሲመታው፣ ድምፅ ሲያርፍበት፣ ጉልበቱን በሞለኪውሎቹ መካከል ባለው ትስስር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ጉልበት ግን አይጠፋም፣ ይህ ተፈጥሮ የማትደራደርበት ሕግ ነው። የተዋጠው ወይ ሙቀት ይሆናል፣ ወይ ይጠራቀማል፣ ወይ ይወጣል። በ2018ቱ የብላክ ፓንተር ፊልም የንጉሡ ልብስ ምቱን ሁሉ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ሲለቀው ጸሐፊዎቹ ይህን ሕግ አክብረዋል። በጣም ደስ ያለኝ ትዕይንት ነው።

ያላከበሩትም ቦታ አለ። የካፒቴን ጋሻ በፊልሙ ውስጥ ንዝረትን ሙሉ በሙሉ ይውጣል ይባላል። ግን ካፒቴኑ ሲወረውረው ግድግዳ መትቶ፣ ሰው መትቶ፣ ነጥሮ ወደ እጁ ይመለሳል። የሚነጥር ነገር ጉልበቱን መልሶ የሚሰጥ ነው። ሁሉንም የሚውጥ ጋሻማ ግድግዳ ላይ እንደተወረወረ እርጥብ ጭቃ እዚያው ተለጥፎ መቅረት ነበረበት። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። በ2012ቱ የአቬንጀርስ ፊልም ቶር ጋሻውን በመዶሻው ሲመታውም እንዲሁ ነው። ጫካውን የጣለው ማዕበል የተነሳው ጋሻው ጉልበቱን ውጦ ስላላስቀረው፣ ወደ ውጭ ስለመለሰው ነው።

በኮሚኩ ውስጥ ከዋካንዳው ሌላ ቫይብራኒየም አለ፣ የአንታርክቲካው። እሱ ንዝረት አይውጥም፣ ያመነጫል። ንዝረቱ በአጠገቡ ያለውን ሌላ ብረት ትስስር እየፈታ ያቀልጠዋል። በ1999 አልትሮን አዳማንቲየም ለብሶ ሲመጣ የተሸነፈው በዚህ ነው። ስለዚህ «አዳማንቲየምን የሚያሸንፍ የለም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መልሱ ከደቡብ ዋልታ ነው የሚመጣው።

አሁን ጋሻው። በ1941 ካፒቴን አሜሪካ ሲጀምር ጋሻው ክብ አልነበረም፣ ሦስት ማዕዘን መልክ ነበረው። በሁለተኛው እትም ነው ክብ የሆነው። ከምን እንደተሠራ የተተረከው በኋላ ነው። ማክሌን የተባለ ሳይንቲስት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለታንክ የሚሆን ብረት ሲፈልግ ቫይብራኒየምን ከብረት ቅይጥ ጋር ሲያዋህድ ያድራል። እንቅልፍ ይጥለዋል። እሱ ተኝቶ ሳለ ያልታወቀ ነገር ድብልቁ ውስጥ ይገባል። ሲነቃ የጋሻው ቅይጥ ተሠርቶ ቆይቶታል። ዳግመኛ ሊሠራው አልቻለም። ለመድገም ለዓመታት ሲደክም ያገኘው ነው አዳማንቲየም። እንግዲህ በኮሚኩ ታሪክ አዳማንቲየም የጋሻው ቅጂ ነው። ዋናውን ያልደረሰበት ቅጂ።

የጋሻውን ስፋትና ክብደት እናውቃለን። ዲያሜትሩ 76 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 5.4 ኪሎ ነው። እስቲ ተራ ብረት ቢሆን ውፍረቱ ስንት ይሆናል ብለን እናስላ። 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ብየዳ ቤት ገብታችሁ 1.5 ላሜራ ስጡኝ ብትሉ የሚሰጧችሁ ማለት ነው፣ የግቢ በር የሚሸፈንበት። በፊልሙ ቫይብራኒየም ክብደቱ የብረት አንድ ሦስተኛ ነው ይባላል። በዚያ ከሄድን ውፍረቱ ወደ 4.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። እንግዲህ በዚህች ውፍረት ነው የታንክ ጥይት የሚመክተው። ውፍረቱን ሳውቅ ለጋሻው ያለኝ አድናቆት ጨመረ። ስለ ቫይብራኒየም ሲነገር ቀላልነቱ ሁሌም ይረሳል። አንድ ሰው በአንድ ክንዱ ቀኑን ሙሉ የሚይዘው ጋሻ ከከበደ ጥንካሬው ምን ይጠቅማል?

ጋሻው ተሰብሮ ያውቃል። በ1991 ኮሚክ ታኖስ የተባለው ክፉ የሁለንተናን ኃይል በእጁ ጓንት ይዞ በአንድ ምት ሰባበረው። ያ ግን ፀሐይን በጣት ማጥፋት የሚችል ኃይል ነው፣ እንደ ሽንፈት አልቆጥረውም። በ2019 ፊልም ደግሞ ያው ታኖስ ያለ ጓንቱ፣ በሰይፉ ብቻ ቆራርጦ ጣለው። ብዙ ሰው በዚህ ተናዷል። እኔ ልዩነቱ ግልጽ ይመስለኛል። የፊልሙ ጋሻ ንጹሕ ቫይብራኒየም ነው። ያ የማክሌን ሌሊት፣ ያ የማይደገም ቅይጥ የለበትም። በ2016 ፊልምም የብላክ ፓንተር ጥፍር ጋሻው ላይ ጭረት ጥሎበት አልፏል። ሁለቱም ከአንድ ማዕድን ናቸው። አልማዝንም የሚቆርጠው አልማዝ ነው፣ ምክንያቱም አልማዝ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይጠጥርም።

የቅይጥ ነገር በእውነተኛው ዓለምም አስደናቂ ነው። በ2022 ተመራማሪዎች ክሮሚየም፣ ኮባልትና ኒኬል የተዋሐዱበትን ብረት በኃይለኛ ቅዝቃዜ፣ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ላይ ፈተኑት። ስንጥቅን የመቋቋም አቅሙ 500 ደረሰ። በዚያው መለኪያ የአውሮፕላን አካል አሉሚኒየም 35፣ ከምርጦቹ ብረቶች አንዳንዶቹ 100 ገደማ ናቸው። አብዛኛው ብረት ሲቀዘቅዝ ይሰባበራል፣ ይህኛው ግን ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይጠነክራል። ምሥጢሩ መዋቅሩ በጫና ጊዜ ተራ በተራ ቅርጹን እየለወጠ ለስንጥቁ መንገድ መከልከሉ ነው።

ስለ ኡሩ፣ ስለ ቶር መዶሻ ብረት፣ አጭር ነኝ። የቶር መዶሻ በ1962 ከራሱ ከቶር ጋር መጣ። ድንክዬዎቹ አንጥረኞች ከኡሩ እንደሠሩት ይነገራል። ኡሩ ጠንካራ ነው፣ ግን መዶሻውን መዶሻ የሚያደርገው የተጫነበት አስማት ነው። ማን ያንሳው፣ ማን አያንሳው የሚወስነው ብረቱ አይደለም። ስለዚህ ኡሩን ከአዳማንቲየም ጋር በብረትነት ማወዳደር ፍርድ ያዛባል። በ2017ቱ የቶር ፊልም የሞት አምላክ የተባለችው ሄላ መዶሻውን በአንድ እጇ ጨምቃ ፈረካክሳዋለች። ብረቱ ብቻውን ሲለካ ያን ያህል ነው።

በ2018ቱ የአቬንጀርስ ፊልም የቶር አዲሱ መጥረቢያ የሚሠራበት እሳት የሚመጣው ከኒውትሮን ኮከብ፣ ፈንድቶ ከተጨፈለቀ ኮከብ ቅሪት ነው። ይህ ምርጫ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም እውነተኛው የጥንካሬ ጫፍ ያለው እዚያ ነው። ምድር ላይ ያለ ማንኛውም ነገር ጥንካሬው ከአተሞች ትስስር አያልፍም። በ2008 የተለካው ግራፊን፣ የአንድ አተም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ፣ በጥንካሬ መለኪያ 130 ጊጋፓስካል ደርሷል። ፌሮ 0.6 ጊጋፓስካል ገደማ ነው፣ ልዩነቱ ከ200 ጊዜ በላይ ይሆናል። ከዚያ በላይ ለመሄድ አተሙ ራሱ መጨፍለቅ አለበት። የኒውትሮን ኮከብ ቅርፊት ላይ የሆነው እንደዚያ ነው። በ2009 በኮምፒውተር የተሠራ ስሌት ቅርፊቱ ከብረት 10 ቢሊዮን ጊዜ እንደሚጠነክር አሳይቷል። ችግሩ ከዚያ ቆርሶ ማምጣት አይቻልም። አምቆ የያዘው የኮከቡ ስበት ነው፣ ስበቱ ከተለየው ይፈነዳል።

የማርቭል ተፎካካሪ የሆነው የዲሲ ወገኖች እንዳይቀየሙኝ፣ የነሱ ብረቶች ከዚህ ሚዛን ውጪ ናቸው። ሃውክማን የተባለው በራሪ ጀግና የሚጠቀምበት ኤንዝ ሜታል ዋና ሥራው ስበትን ማሸነፍ ነው። ክሪፕቶናይት ደግሞ ብረት አይደለም፣ የፈነዳች ፕላኔት ስብርባሪ ድንጋይ ነው። ሱፐርማንን የሚጥለውም በጨረሩ እንጂ በጥንካሬው አይደለም።

ፍርዴን ልስጥ። ለመቁረጥና ቅርጽን ላለመልቀቅ አዳማንቲየም አንደኛ ነው። ለመመከትና ለቀላልነት የዋካንዳው ቫይብራኒየም። ከሁሉም በላይ ግን የኮሚኩን ጋሻ አስቀምጣለሁ። ሁለቱን ጠባይ፣ ጥጥረቱንና መዋጡን፣ በአንድ ላይ የያዘ እሱ ብቻ ነው። ያ ብረት ሠሪ ቢላውን እሳት ዳር አስጠግቶ የሚፈልገውም ይህንኑ ማስታረቅ ነው።

የቀረው የሁሉም ተወዳጅ ጥያቄ ነው። ጥፍሩ ጋሻውን ቢመታስ? በ1986 በወጣ የካፒቴን አሜሪካ ልዩ እትም ሽፋን ላይ ሁለቱ ፊት ለፊት ተፋጠዋል፣ ክርክሩ ከዚያ ጀምሮ አልበረደም። እኔ እንዲህ አየዋለሁ። ጥፍሩ ለመቁረጥ ጥጥረት ብቻ አይበቃውም፣ በጠባብ ስለት ላይ ከባድ ጫና ያስፈልገዋል። ያ ጫና የሚመጣው ከዎልቨሪን ክንድ ነው። ጋሻው ደግሞ የምቱን ጉልበት እዚያው ይውጠዋል። ስለዚህ ጥፍሩ አይሰበርም፣ ጋሻውም አይጫርም። ግን ጋሻው ንዝረቱን ቢውጥም 136 ኪሎ ሰው ሲገፋው ወደ ኋላ መሄዱ አይቀርም። የሚችለው የካፒቴኑ ትከሻ ነው። የዎልቨሪን አንጓ ቢወልቅ በደቂቃዎች ይድናል፣ የካፒቴኑ ትከሻ ግን ቀናት ይፈልጋል። ውጊያው ከረዘመ ገንዘቤን የማስይዘው በዎልቨሪን ነው።